ጸሐፊውም ተራውን ይያዝ

መርካቶ ገብቶ የሀበሻ ልብስ የፈለገ ሰው ሸማ ተራ ይሄዳል። በርበሬ የፈለገ በርበሬ ተራ፣ ጤፍ የፈለገ እህል በረንዳ፣ ከቁርጥራጭ ብረት የተሠራ ዕቃ የፈለገ ደግሞ ምናለሽ ተራ ይወርዳል። ይህን ሥርዓት በአዋጅ የደነገገው የለም። ነጋዴው በዘመናት ልምድ ራሱ የደረሰበት ነው። ጠዋት ማታ አንድ ዕቃ የሚያገላብጥ ሰው የዕቃውን ደግና ክፉ በእጁ ዳስሶ፣ በአፍንጫው አሽትቶ ይለያል፤ ገዢውም ይህንኑ ስለሚያውቅ እግሩን ወደዚያው ያነሣል። «ሁለት ወዶ መርካቶ ወርዶ አይሆንም» የሚለው አባባልም ያለ ምክንያት በከተማው ሰው አፍ ላይ አልቀረም።

ይሁን እንጂ ነጋዴው ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛቱ በፊት የሚገዛው አንድ ሌላ ሸቀጥ አለ። እርሱም መረጃ ነው። ቡና ኒውዮርክ ላይ ስንት ዋለ? ባንኮች ዛሬ ዶላር በስንት ይገዛሉ? አዲስ የወጣው የቀረጥ መመሪያ የትኛውን ዕቃ ይነካል? ይህ ሁሉ ቀድሞ በስልክና በቡና ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ የሚገኝ ነበር። አሁን በአመዛኙ የሚመጣው በቴሌግራም፣ በፌስቡክ፣ በዩቲዩብና በቲክቶክ በኩል ነው። የዚህ ሸቀጥ አቅራቢዎች ግን ብዙዎቹ ተራ የላቸውም። ጠዋት ስለ ሰሊጥ የጻፈው ሰው ቀትር ላይ ስለ ኮንዶሚኒየም፣ ማታ ስለ ባንክ አክሲዮን፣ በማግሥቱ ደግሞ ስለ ውጭ አገር የሥራ ቪዛ ይጽፋል።

በኢንተርኔት የሚጽፍ ሰው በአንድ ጉዳይ ላይ ይጽና ወይስ በሁሉም ላይ ይጻፍ የሚለው ጥያቄ ላይ ላዩን ሲታይ የጸሐፊዎች የውስጥ ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን የተሳሳተ ወሬ ዕዳ የሚከፈለው ከጸሐፊው ኪስ ሳይሆን ከነጋዴው ካፒታል ነው። በመሆኑም ጥያቄው የገበያው ጥያቄ ነው።

ሁሉን የሚጽፈው ለምን ይጽፋል?

በመጀመሪያ ደረጃ ሁሉን የሚጽፈው ሰው ያለ ምክንያት እንዳልተነሣ መቀበል ተገቢ ነው። አንባቢው ራሱ የአንድ ሸቀጥ ሰው አይደለም። ጨርቅ የሚያስመጣው ነጋዴ የሚያከራየው ቤት አለው፤ በሁለት ባንክ አክሲዮን ገዝቷል፤ ወንድሙ ከዋሽንግተን ዶላር ይልክለታል፤ ልጁ ደግሞ መኪና ሊገዛ ዋጋ ይጠይቃል። ይህ ሰው ሁሉንም ከአንድ ገጽ ቢያገኝ ጊዜ ይቆጥባል።

ሁለተኛው ምክንያት ወቅት ነው። ሰሊጥ በጥቅምትና በኅዳር ይታጨዳል። ገበያው ጋብ በሚልበት በክረምቱ ወራት የሰሊጥ ጸሐፊ ምን ይጻፍ? ገጹ ዝም ካለ ተከታዩ ይበተናል። ስለዚህ ክፍተቱን በሌላ ወሬ ይሞላል፤ ውሎ አድሮም ክፍተት መሙያ የነበረው ወሬ ዋናው ሥራ ይሆናል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። ማስታወቂያ የሚሰጠው ድርጅት የሚጠይቀው ስንት ተከታይ እንዳለ እንጂ ተከታዮቹ እነማን እንደሆኑ እምብዛም አይደለም። ሦስት መቶ የሰሊጥ ላኪዎችና አቅራቢዎች የሚያነቡት ገጽ ለገበያው ያለው ፋይዳ ከፍ ያለ ነው፤ ነገር ግን ከመቶ ሺህ ተመልካች ጋር በቁጥር ሲወዳደር አይታይም። ጸሐፊው ቤተሰብ አስተዳዳሪ ነውና ቁጥሩ ወዳለበት ያዘነብላል። ይህን በስግብግብነት መተርጎም አይገባም። ማንኛውም ነጋዴ በእርሱ ቦታ ቢሆን የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ጉዳቱ የሚደርሰው የት ላይ ነው?

የቡናን ጉዳይ ለአብነት እንውሰድ። በ2017 ዓ.ም. የካቲት ወር የአረቢካ ቡና ዋጋ በኒውዮርክ የወደፊት ግብይት በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። ከዚያ በፊት በዚያ ገበያ እንዲህ ያለ ዋጋ ታይቶ አያውቅም ነበር። ብራዚል ላይ የደረሰው ድርቅ ከምክንያቶቹ ግንባር ቀደሙ ነው። ሁሉን የሚጽፈው ሰው ይህን ሲሰማ የሚያወጣው ርእስ የታወቀ ነው፦ «ቡና ጣሪያ ነካ»። ርእሱ ውሸት የለበትም። ነገር ግን ይርጋጨፌ ወይም ጅማ ላይ ቡና ይዞ «ልሽጥ ወይስ ልቆይ» እያለ ለሚያመነታው አቅራቢ ምን ይነግረዋል?

ቡናን ብቻ የሚከታተል ጸሐፊ ቢሆን ኖሮ ነገሩን እንደሚከተለው ይዘረዝረው ነበር። በመጀመሪያ ልኬቱን ይቀይራል። አንድ ፓውንድ 0.4536 ኪሎ ግራም ነው፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም ነው። ስለዚህ በአንድ ፈረሱላ ውስጥ 37.5 ያህል ፓውንድ አለ። የ4 ዶላር ዋጋ ማለት በፈረሱላ 150 ዶላር ገደማ ማለት ነው። ከዚያም ይህ ዋጋ መነሻ እንጂ መድረሻ አለመሆኑን ያስረዳል። እያንዳንዱ የቡና ዓይነት እንደ አካባቢው፣ እንደ ደረጃውና እንደ አዘገጃጀቱ ከመነሻው ዋጋ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ይሸጣል። የታጠበ ይርጋጨፌና ደረቅ ጅማ በአንድ ርእስ ሥር የሚጠቃለሉ ዕቃዎች አይደሉም። ቀጥሎም የማበጠሪያው፣ እስከ ጅቡቲ ያለው የማጓጓዣና የባንክ ወለድ ወጪ ተቀንሶ፣ የቀረው በዕለቱ የምንዛሪ ተመን ተባዝቶ ለአቅራቢው ምን እንደሚተርፍ ያሳያል።

ሌላም ስሕተት አለ። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ገደማ እሸት ቡና ያስፈልጋል። ይህን የማያውቅ ጸሐፊ የእሸቱን ዋጋና የንጹሑን ቡና ዋጋ በአንድ ዓረፍተ ነገር አጎራብቶ «ገበሬው ተበዘበዘ» ወይም «ላኪው ከበረ» ብሎ ይደመድማል። ከዚህ በኋላ እሸት ሰብሳቢው ዋጋ ይሰቅላል፤ አቅራቢው ያንን ዋጋ ከፍሎ ይገዛል፤ ላኪው ግን በዚያ ሒሳብ አይረከበውም። ቡናው መጋዘን ውስጥ ሲቀመጥ የባንኩ ወለድ አይቀመጥም።

ዋጋውም ጣሪያው ላይ አልቆመም። በዚያው ዓመት በሐምሌ መግቢያ ገደማ ወርዶ በፓውንድ ከ3 ዶላር በታች ሲደርስ፣ አሜሪካ በብራዚል ዕቃዎች ላይ 50 በመቶ ቀረጥ ከጣለች በኋላ ደግሞ በ2018 ዓ.ም. መስከረም ወር እንደገና ከ4 ዶላር አለፈ። በእነዚህ ጥቂት ወራት ውስጥ መቼ መሸጥ፣ መቼም መቆየት እንደሚገባ ለማወቅ ስለ ቪዛና ስለ ኮንዶሚኒየም ሲጽፍ የከረመ ሰው ምክር በቂ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ከአክሲዮን ገበያ አኳያ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ለሽያጭ ሲያቀርብ፣ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ለሽያጭ ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን ውስጥ የተሸጠው ከ10 ሚሊዮን ጥቂት ያለፈ ብቻ ነው። በዚያን ሰሞን ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን የግዢ መጠን ለማወቅ የተቸገረ ሰው አልነበረም፤ በየገጹ ተጽፎ ነበርና። ለገዢው የሚጠቅመው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። 300 ብር ከድርጅቱ ትርፍ ጋር ሲነጻጸር ውድ ነው ወይስ ርካሽ? የትርፍ ክፍፍሉ ከባንክ ወለድና ከዋጋ ንረቱ አንጻር እንዴት ይታያል? ገንዘብ ያስፈለገው ሰው አክሲዮኑን ለማን፣ የት ይሸጣል? እነዚህን ለመመለስ የሒሳብ መግለጫ ማንበብ የሚችል፣ በዚያው ሥራ የተጠመደ ሰው ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ሕግም አለ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 የኢንቨስትመንት ምክር መስጠትን ፈቃድ ከሚጠይቁት አገልግሎቶች መካከል መድቦታል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር በይፋ ተከፍቷል። ስለዚህ «ይህ ሆነ» ብሎ ወሬ ማቅረብ አንድ ነገር ሲሆን፣ «ይህን ግዙ፣ ያንን ሽጡ» ማለት ሌላ ነገር ነው። ድንበሩን የማያውቅ ጸሐፊ አንባቢውን ብቻ ሳይሆን ራሱንም አደጋ ላይ ይጥላል።

የአንድ ሸቀጥ ጸሐፊም የራሱ ወጥመድ አለው

እስካሁን የተባለው ሁሉ «አንዱን ይዘህ ጽና» የሚለውን ወገን የሚደግፍ ነው። ይሁን እንጂ አንዱን ብቻ ይዞ ዓይኑን የጨፈነ ጸሐፊም አንባቢውን ገደል ሊከት ይችላል።

የመኪና ገበያ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ስለ መኪና ብቻ የሚጽፉ ሰዎች ቪትዝና ያሪስ፣ ኮሮላና ዶልፊን በየሳምንቱ ስንት እንደዋሉ፣ የትኛው ሞተር እንደሚቆይና የትኛው መለዋወጫ እንደሚጠፋ አብጠርጥረው ያውቃሉ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ግን በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተሰማ። የመነሻ ሐሳቡ የመጣው ከመኪና መሸጫው ሳይሆን ከነዳጅ መግዣው የውጭ ምንዛሪ ነው። አገሪቱ ለነዳጅ ስንት ዶላር እንደምታወጣና መንግሥት ለኤሌክትሪክ መኪና ምን ዓይነት የቀረጥ ማበረታቻ እንደሰጠ ይከታተል የነበረ ሰው ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ቀድሞ ሊገምት ይችል ነበር። የመሸጫውን ዋጋ ብቻ ይመለከት የነበረው ግን ዜናውን ከአንባቢው እኩል ሰማ።

ከዚያም ስድስት ወር ቆይቶ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያው ለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን 74 ብር ገደማ ሆነ፤ በሳምንታት ውስጥም ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ቀን የቡና ጸሐፊ፣ የመኪና ጸሐፊ፣ የብረታ ብረት ጸሐፊ፣ የመድኃኒት ጸሐፊ ሁሉ ስለ አንድ ነገር ለመጻፍ ተገደዱ። የየራሳቸውን ሸቀጥ ብቻ ያውቁ የነበሩት ቁጥሩን ደገሙ። ሸቀጣቸው ከዶላር ጋር በምን ክር እንደተያያዘ ያውቁ የነበሩት ደግሞ ያው ዜና ለላኪው ገቢን፣ ለአስመጪው ወጪን እንደሚጨምር፣ በዱቤ ዕቃ አስገብቶ ገና ያልከፈለው ሰው ምን ያህል እንደሚጎዳ ለመዘርዘር ቻሉ።

ሌላው የአንድ ሸቀጥ ጸሐፊ ወጥመድ ዝምድና ነው። በጠባብ ገበያ ውስጥ ወሬ የሚሰጡትም፣ ወሬውን የሚያነቡትም፣ ማስታወቂያ የሚሰጡትም እነዚያው ጥቂት ሰዎች ናቸው። አንድ ትልቅ አስመጪ ፊቱን ካዞረበት ጸሐፊው ወሬውንም ገቢውንም በአንድ ጊዜ ያጣል። በመሆኑም ጥቂት ታላላቅ ነጋዴዎች የሚፈልጉትን ዋጋ የሚያስተጋባ ድምፅ ማጉያ ሊሆን ይችላል። ሁሉን የሚጽፈው ሰው ባለማወቅ ሲያሳስት፣ ይኸኛው እያወቀ ሊያሳስት ይችላል ማለት ነው።

የሥራ ክፍፍልና የገበያው ስፋት

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው መጽሐፍ ያነሣውን የመርፌ ፋብሪካ ማስታወስ ይጠቅማል። 10 ሠራተኞች ሥራውን ተከፋፍለው በቀን 48,000 የስፌት ማያዣ መርፌ ይሠሩ ነበር። እያንዳንዱ ሠራተኛ ሁሉንም ሥራ ለብቻው ቢሞክር ግን በቀን 20 እንኳ አይሞላለትም ነበር። ይህን ታሪክ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያው መጽሐፍ ብዙ ሰው የማያስታውሰው ቀጥሎ የመጣውን ቁም ነገር ነው። ስሚዝ እንዳስረዳው የሥራ ክፍፍል የሚሄደው ገበያው እስከፈቀደለት ድረስ ብቻ ነው። በገጠር መንደር ያለ አናጺ በርም፣ ጠረጴዛም፣ ማረሻም ይሠራል። ችሎታው ዝብርቅርቅ ስለሆነ አይደለም፤ በር ብቻ ሠርቶ እንዳይኖር የመንደሩ በር ፈላጊ ቁጥር አነስተኛ ስለሆነ ነው።

የአማርኛ የገበያ ጸሐፊም እንደዚያ አናጺ ነው። አንባቢ አጥቶ ሳይሆን ከፋይ አንባቢ አጥቶ ነው ሁሉን የሚጽፈው። መረጃው በነፃ እንዲመጣለት የሚፈልግ ነጋዴ፣ ሳያስበው፣ ጸሐፊው ከተራው ወጥቶ ወደ ጎዳና እንዲሰማራ እየገፋው ነው። በነፃ የሚመጣውን ወሬ ደግሞ ሌላ ሰው ከፍሎበታል። ከፋዩ አፓርትማ ሸያጩ፣ አክሲዮን ሸያጩ ወይም ዕቃውን ማራገፍ የፈለገው አስመጪ ሊሆን ይችላል። በተለይ በውጭ አገር ለሚኖረው ኢትዮጵያዊ የሚቀርበው የቤት ሽያጭ ወሬ በዚህ ረገድ ልብ ሊባል ይገባዋል። በአሜሪካ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሆኖ በስልኩ መስታወት የሚመለከት ገዢ ሕንፃውን ዞሮ አያይም፤ የሚያየው ተከፍሎት የሚናገረውን ሰው ፊት ነው።

ከጠባብ ተነሥተው የሰፉ

በዓለም ላይ በገበያ ወሬ የታወቁት ተቋማት እንዴት እንደጀመሩ ቢመረመር ትምህርት ይገኛል። በአሥራ ሰባተኛው ምዕት ዓመት መገባደጃ ኤድዋርድ ሎይድ የተባለ ሰው ለንደን ውስጥ ቡና ቤት ነበረው። ደንበኞቹ መርከበኞች፣ የመርከብ ባለቤቶችና ዋስትና ሰጪዎች ስለነበሩ ቤቱ የመርከብ ወሬ መናኸሪያ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1734 ጀምሮ «ሎይድስ ሊስት» የተባለው ጋዜጣ መርከቦች መቼ እንደገቡና እንደወጡ ይዘግብ ጀመር። የወረቀት እትሙ እ.ኤ.አ. በ2013 ቢቆምም ዛሬም በኢንተርኔት ስለ መርከብ ንግድ ይጽፋል። ይህ ያህል ዘመን የቆየው ሁሉን ስላወራ ሳይሆን መርከብን ስላልለቀቀ ነው።

ፖል ጁሊየስ ሮይተርም እ.ኤ.አ. በ1850 ሥራውን ሲጀምር የዓለምን ፖለቲካ አልዘገበም። በጀርመኗ አኸንና በቤልጂየሟ ብራሰልስ መካከል የቴሌግራፍ መስመር ገና ስላልተገናኘ በርግብ እግር የአክሲዮን ዋጋ ያመላልስ ነበር። በተከታዩ ዓመት ለንደን ገብቶ ቢሮ ከፈተ፤ ከዚያ በኋላ ነው ቀስ በቀስ ወደ ሌላው ዜና የሰፋው። ማይክል ብሉምበርግ እ.ኤ.አ. በ1981 የመሠረተው ድርጅትም መጀመሪያ ያቀረበው የቦንድ መረጃ የሚያሳይ መሣሪያ ነበር። ወደ ዜና የገባው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው።

ከእነዚህ የሚወጣው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሦስቱም የተነሡት ከጠባብ ቦታ ነው። ሁለተኛ፣ ከተነሡበት ቀን ጀምሮ ያስከፍሉ የነበረው ዋናው ተጠቃሚ የሆነውን ነጋዴ ነበር። የሰፉትም በጠባቡ ሥራ እምነት ካተረፉ በኋላ ነው።

ሸቀጡን ብቻ ሳይሆን መንገዱን መያዝ

እንግዲህ መልሱ ምን ይሆናል? ጸሐፊው ተራ ይያዝ፤ ነገር ግን በተራው ውስጥ ተዘግቶ አይቀመጥ። የሚሻለው የአንድን ሸቀጥ መንገድ ከመነሻው እስከ መድረሻው መከተል ነው። የሰሊጥ ጸሐፊ ከሆነ ሁመራና መተማ ላይ የዝናቡንና የአጫጁን ጉልበት ዋጋ ይጠይቅ፤ የሱዳንን ሁኔታ ይከታተል፤ ዋነኛዋ ገዢ ቻይና ስንት እንደያዘች፣ እስራኤል የትኛውን ሰሊጥ እንደምትመርጥ ይወቅ፤ ከዚያም የምርት ገበያውን ዋጋ፣ የጅቡቲን የማጓጓዣ ሒሳብና የምንዛሪ ተመኑን ያያይዝ። ይህ ሰው ስለ ዶላር ሲጽፍ ከተራው አልወጣም። የሰሊጡ መንገድ በዶላር ደጃፍ ስለሚያልፍ ነው የጻፈው። ስለ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲጽፍ ግን መንገዱን ስቷል።

በዚህ መንገድ የክረምቱ ዝምታም ይሞላል። ሰኔ ላይ የሚታጨድ ሰሊጥ ባይኖርም የሚዘራ ሰሊጥ አለ፤ የሚፈለግ ብድር አለ፤ በሌሎች አምራች አገሮች ደግሞ የሚጠበቅ ምርት አለ። ወቅት የሚያልቀው ሸቀጡን ከመሸጫው ቀን ብቻ ለሚያየው ሰው ነው።

በርካታ ጉዳዮችን በአንድ ገጽ ማቅረብ የሚፈልግም ካለ መንገዱ አልተዘጋም። አንዱ ሰው አሥሩን ከሚጽፍ ይልቅ አሥር ባለተራዎች ተሰባስበው አንድ ገጽ ቢያቆሙ አንባቢው ሁሉንም በአንድ ቦታ ያገኛል። መርካቶም ሁሉ ዕቃ ይገኝበታል የሚባለው በዚሁ ምክንያት ነው። ሁሉ ዕቃ አለ፤ ሁሉን ዕቃ የሚሸጥ አንድ ሰው ግን የለም።

ነጋዴው ምን ያድርግ?

ነጋዴውና ደላላው ሚዛን መፈተሽ ያውቃሉ። ወሬንም በዚያው ዓይን ሊመለከቱት ይገባል። አንድ ጸሐፊ ስለ ዋጋ ሲናገር ልኬቱን ይጠቅሳል? ኩንታል ነው ወይስ ፈረሱላ፣ የጅምላ ነው ወይስ የችርቻሮ፣ መጋዘን ላይ ነው ወይስ ጅቡቲ ላይ? ዋጋው ሲወርድም እንደወጣበት ቀን እኩል ድምፅ ያወጣል? ያለፈው ወር ትንበያው ዛሬም በገጹ ላይ ይገኛል ወይስ ተሰርዟል? ማስታወቂያውን «ማስታወቂያ» ብሎ ለይቶ ያቀርባል? እነዚህን አራት ጥያቄዎች የሚያልፍ ጸሐፊ የተከታዩ ቁጥር ትንሽም ቢሆን ሊነበብ ይገባዋል።

ከሁሉም በላይ ግን መክፈል ያስፈልጋል። ሒሳቡን በምሳሌ እንመልከተው። አንድ ነጋዴ ለጸሐፊው በወር 200 ብር ቢከፍል በዓመት 2,400 ብር ይሆናል። ይኸው ነጋዴ 50 ኩንታል ሰሊጥ ሲገዛ በተሳሳተ ወሬ ምክንያት በኩንታል 500 ብር ብቻ አስበልጦ ቢገዛ፣ በአንድ ጭነት 25,000 ብር አጣ ማለት ነው። ከአሥር ዓመት የመረጃ ክፍያ በላይ በአንድ ቀን ሄደ። በሌላ በኩል 400 ነጋዴዎች ያንኑ 200 ብር ቢያዋጡ ጸሐፊው በወር 80,000 ብር ያገኛል። በዚህ ገቢ ከዕጨዳው ቦታ እስከ ምርት ገበያው የሚመላለስ፣ የአንድ ትልቅ አስመጪ ቁጣ የማያስፈራው ባለሙያ ሊኖር ይችላል። የብዙዎች አነስተኛ ክፍያ የጥቂቶችን ከባድ እጅ ያቀልላልና ቀደም ሲል ለተነሣው የዝምድና ወጥመድም መድኃኒቱ ይኸው ነው።

የንግድ ማኅበራትና ምክር ቤቶችም በዚህ ረገድ የሚሠሩት አለ። ለአባሎቻቸው የሸቀጥ መረጃ በጋራ ቢገዙ የአንዱ ወጪ እጅግ ያንሳል። ለጸሐፊውም አስተማማኝ ደንበኛ ይሆናሉ።

አንዳንዶች «የእኛ ነጋዴ ለወሬ አይከፍልም» ይላሉ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ነጋዴው ለወሬ ሁልጊዜም ይከፍላል። ለደላላ በኮሚሽን፣ ለሹፌር በጉርሻ፣ ለባለመጋዘን በግብዣ ከፍሎ ኖሯል። አዲስ የሚሆነው ክፍያው ሳይሆን ክፍያው በግልጽና በዋጋ መሆኑ ነው። በነፃ የመጣው ወሬ ውድ መሆኑን የሚያውቀው ግን ብዙውን ጊዜ ዕቃው መጋዘን ከገባ በኋላ ነው።

ለጸሐፊዎቹም የሚባለው ይኸው ነው። መቶ ሺህ ሰው አይቶ የሚያልፈው ገጽ ነገ ሌላ መቶ ሺህ ባለው ገጽ ይተካል። አራት መቶ ነጋዴ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት የሚከፍተው ገጽ ግን እንደ መርካቶ ሱቅ ነው፤ ቁልፉ ራሱ ዋጋ ያወጣል። ቁልፉ ዋጋ የሚያወጣው ደግሞ ሱቁ የትኛው ተራ ላይ እንዳለ ገዢው ሲያውቅ ነው።